የተለጎመ ደም

ቀዛፊ ሆዱ ባዶ ሆኖ ወደ ሰው ልብ አይገባም። ሕጉ የትም አልተጻፈም፤ ነገር ግን በሰባት በር ሆስፒታል የሚሠራ ቀዛፊ ሁሉ ይጠብቀዋል። የሌላ ሰው የልብ ምት ከራስ ምት ጋር ሲጋጭ ባዶ ሆድን ያስታውካል። ስለዚህ እልፍነሽ የዚያን ዕለት ረፋድ፣ የድንጋይ ውርጅብኝ የሆስፒታሉን መስኮቶች እየቀጠቀጠ፣ እንደቆመች አንድ ቂጣ ጨርሳ በላች።

ውጪ ሦስት ሺህ ሰው ይሆናል። የሚወረውሩት የመስኖ ቦዩን ዳር ድንጋይ ነው፤ ውሃ ያሞለጨው፣ ለእጅ የሚመች። መስታወቱ ሲመታ የሸረሪት ድር መስሎ ይሰነጠቅና ጥቂት ቆይቶ ስንጥቁን ራሱ ይጠግናል፤ እንዲያ ሆኖ ነው የተሠራው። በአራተኛው ምት ግን መጠገኑን ትቶ ይናዳል። የቀዶ ጥገናው ክፍል መስኮት ሦስተኛውን ጨርሷል።

«ጓንጉልን አውጡልን!» ይላል ሕዝቡ። «ጓንጉልን! ጓንጉልን!»

የልብ ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፈትያ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። «ቀዛፊ የታማሚውን ስም አይነገረውም» አሉ፣ ዞር ሳይሉ። «ዛሬ ሕዝቡ ነገረልኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሌላ ሰው ቢኖረኝ አንቺን አልጠራም ነበር። ሁለቱ ቀዛፊዎች ከመንገድ ተመለሱ። ሦስተኛው እዚሁ ደጃፍ ላይ ተፈንክቶ በሌላ ክፍል እየተሰፋ ነው። እምቢ ብትይ አልፈርድብሽም፣ እልፍዬ።»

«እምቢ አላልኩም።»

«እሺም አላልሽ።»

እልፍነሽ የቂጣውን ፍርፋሪ ከመዳፏ አራገፈች። «ቆዳውን ያልብሱኝ» አለች።

ሻለቃ ጓንጉል የቦይ በሮች ጥበቃ አዛዥ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አምስተኛው በር በታችኛው እርሻ ላይ በተዘጋ ጊዜ ገበሬው ሆ ብሎ ወጣ። ከፊት የቆመው የመስኖ መሐንዲሱ አምሃ፣ የእልፍነሽ ባል ነበር። ሻለቃው በጠመንጃው ሰደፍ ደረቱን መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። አምሃ መጀመሪያ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ጋደም አለ፤ ከዚያ አልተነሣም። ያየው ሰው ከሦስት መቶ አያንስም። ሐኪሞች የሞቱ ምክንያት እንዲታወቅ አስከሬኑ ይመርመር ሲሉ እልፍነሽ፣ «አገር በዓይኑ ያየውን ሞት በቢላ አትፈልጉብኝ» ብላ ከለከለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩት። ፍርድ ቤቱ ሻለቃው ጸጥታ ሲያስከብር ነበር ብሎ አሰናበተው። እሷ ከቀብሩ ማግስት ሥራ ገባች። ከዚያ ወዲህ የአምሃን ስም ከአፏ የሰማ የለም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሻለቃው እዚያው አምስተኛው በር ላይ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሕዝቡ እግዜር ፈረደ አለ። የእግዜርን ፍርድ ሐኪም እንዳይሽረው ነው ድንጋይ ይዞ የመጣው።

ቆዳ የሚሉት ከአንገት እስከ ጣት ጫፍ የሚለበስ ስስ ልብስ ነው። ቀዛፊው ለብሶት ለብ ያለ ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ይጋደማል። በቆዳው የሚነዳት ታንኳ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም፤ በታማሚው ጭን ሥር በኩል ወደ ደሙ ትለቀቃለች። ታንኳዋን የነካት ሁሉ በቆዳው በኩል ቀዛፊውን ይነካዋል። ደም የቧንቧውን ግድግዳ ፈትጎ የሚያልፍበትን ኃይል ሐኪሞች ፍትጊያ ይሉታል። በሥዕል ሲያዩት ቁጥር ነው፤ ቆዳውን ለብሰው ሲቀበሉት ዱላ ነው።

እልፍነሽ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከሽፋሽፍቷ ሥር ቀይ ጨለማ ተከፈተ። ወደ ልብ የሚኬደው ፍሰቱን ተቃውሞ ነው። እያንዳንዱ ምት እንደ ወይፈን ግንባር ደረቷን ይመታታል። ምቱ ሲመጣ ግድግዳውን ይዞ መጣበቅ፣ ምቱ ሲያልፍ መቅዘፍ። መያዝ፣ መቅዘፍ። መያዝ፣ መቅዘፍ። የምትይዘው ግድግዳ የባሏ ገዳይ ግድግዳ መሆኑን ክንዷ አያውቅም ነበር፤ ክንድ ሥራውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ልቡ እየተንቀጠቀጠ ነው» አሉ ዶክተር ፈትያ ከላይ። «ቢበዛ ሩብ ሰዓት አለሽ። ግራውን ያዢ።»

ግራው ልብን ራሱን የሚመግበው ደም ቅዳ ነው። ታጥፋ ገባች፤ ገና ከመግቢያው ልጓሙን አገኘችው። አወቀችው። የገዛ እጇ ሥራ ነው።

የሰባት በር ቀዛፊዎች ሁሉ ከመስኖ ሥራ የመጡ ናቸው። ሆስፒታሉ ታንኳዎቹን ባስመጣ ጊዜ ውሃ ማንበብ የሚችል ሰው ፈለገ፤ ከተማው ደግሞ ከቦይ ሌላ ሙያ የለውም። የቦይ ሰው የሚፈራው ጎርፍ ነው። የሚሮጥ ውሃ ዳሩን ይበላል፣ ግንብ ይንዳል፣ እርሻ ይወስዳል። እነዚህ ሰዎች ቆዳውን ለብሰው ደም በየመታጠፊያው ግድግዳውን እንዴት እንደሚደበድብ በገላቸው ሲሰሙት ሁሉም አንድ ነገር ፈሩ፤ ይህ ግድግዳ ይናዳል አሉ። እልፍነሽ ልጓምን የሠራችው ያኔ ነው፤ በደም ቅዳው መግቢያ ላይ የሚተከል፣ ደሙን አብርዶ የሚያሳልፍ የወንፊት ቀለበት። ማን ይሞክረው ሲባል አምሃ እጅጌውን ሰበሰበ። «ሚስቴ ያልገደበችው ውሃ የለም፣ እኔንም ጨምሮ» ብሎ ሐኪሞቹን አሳቃቸው። ከአምሃ ወዲህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልብ ተለጉሟል።

ከልጓሙ ፊት ለፊት፣ ደሙ በሚደበድበው በኩል፣ ግድግዳው እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። እልፍነሽ የወንፊቱን መዝጊያ ከፍታ ወደ ኋላው አለፈች። ያኔ ቆዳው ዝም አለ።

ምንም የሚነካት የለም። ደሙ ጥቂት ወደፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ቤቱ እንደጠፋበት ሰው ይዋልላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግድግዳው አብጧል። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ድርብርብ፤ መንገዱን ከአራት ሦስት እጅ ዘግቶታል። በቀረችው ቀዳዳ ላይ የረጋ ደም ተሰንቅሯል። የሻለቃውን ልብ ያነቀው እሱ ነው።

መጀመሪያ ደለል መሰላት። በታንኳዋ መቅዘፊያ ነካ አደረገችው። ደለል አይደለም፤ ግድግዳው ራሱ ነው። ሕያው ነው፤ የሚፈትገው ሲያጣ ራሱን በራሱ ላይ ይደርባል።

«ዶክተር፣ ልጓሙ ከገባለት ስንት ጊዜው ነው?»

«አምስት ዓመት። ምነው?»

«ከልጓም ኋላ ያለውን አይተን እናውቃለን?»

መልሱን እልፍነሽ ራሷ ታውቀዋለች። በየዓመቱ ወንፊቱ መጠበቁን ያያሉ፤ ይመለሳሉ። የቦይ ሰው የሚፈትሸው በሩን ነው። ከበሩ ኋላ የተኛውን ውሃ ማን ይፈትሻል?

ያን ጊዜ መስታወቱ ለአራተኛ ጊዜ ተመታና ተናደ። ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው። ዘበኛው «ተመለስ! ተመለስ አልኩህ!» ሲል ተሰማ፤ ቀጥሎ ብረት አጥንት ሲመታ፣ ቀጥሎ የሚወድቅ ገላ። እልፍነሽ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። በተሰበረው መስኮት የገባው ጥጋቡ ነበር፣ የአምሃ ታናሽ ወንድም፤ ላለፉት አራት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ በሯን አንኳኩቶ «ምን ጎደለሽ?» የሚላት። በእጁ የቦይ በር የሚዞርበትን ብረት ይዟል። ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቋል።

«እትዬ እልፍ!» አለ። «ሌላ ሰው ነው ብዬ ነበር። አንቺ ነሽ የምታድኚው?»

«ጥጋቡ፣ ብረቱን አስቀምጥ።»

ዶክተር ፈትያ በጥጋቡና በታማሚው አልጋ መካከል ቆሙ።

«ዶክተር፣ ዞር ይበሉልኝ። ሽበትዎን አከብራለሁ።»

«ሽበቴን ተወውና እጅህን ታጠብ! ይሄ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው!»

በክንዱ ገፋቸው። የቁም ሣጥኑ ጠርዝ ቅንድባቸውን ከፈተውና ደሙ ፊታቸውን አለበሰው። ጥጋቡ አልጋው አጠገብ ቆሞ የተኛውን ሰው ቁልቁል አየ፤ ብረቱን ግን አላነሣም።

«የተኛ ሰው አልመታም» አለ። «የአምሃ ወንድም ነኝ፤ እንደዚህ ሰው አይነት አይደለሁም። አንቺ እጅሽን ብቻ አንሺ፣ እትዬ። ምንም አታድርጊ። ልቡ በራሱ ይቁም። ማን ያውቃል?»

ማን ያውቃል። እልፍነሽ በዚያ በተኛ ደም ውስጥ ሆና ቃሉን ሰማችው፤ ጥጋቡ ካለው በላይ ሰማችው። ይህ ሰው ዛሬ ቢሞት የልብ ሞት ነው። ይቀበራል። ከልጓሙ ኋላ ያለውን ያየች እሷ ብቻ ናት።

«ዶክተር» አለች። «የአምሃን መዝገብ ይክፈቱልኝ።»

ልጓም የሚያልፍበትን ደም በየምቱ ለክቶ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ይልካል። የአምሃም መዝገብ እዚያው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አልከፈተችውም።

«አሁን?»

«አሁን።»

ዶክተር ፈትያ ደሙን በክርናቸው ጠረጉና ሰሌዳውን ነኩ። «ከ... ከመሞቱ ስምንት ወር በፊት ፍሰቱ በግማሽ ወርዷል። ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው ሩብ ነው።» ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። «እልፍዬ፣ ማንቂያው ያልጮኸው...»

«ማንቂያውን እኔ ነኝ የሠራሁት። ሲፈጥን ነው የሚጮኸው። ይጨርሱት።»

«በመጨረሻው ጠዋት፣ ከቤት ከመውጣቱ በፊት... ከአሥር አንድ እጅ።»

ያን ጠዋት አምሃ ደረጃው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ አይታው ነበር። «አረጀህ እንዴ?» ብላ ቀልዳበታለች።

ከውጪ ሌላ ድንጋይ ገብቶ መድኃኒት የተደረደረበትን መደርደሪያ አወረደው። ማንም ዘወር ብሎ አላየም።

«ጥጋቡ» አለች እልፍነሽ። «ሰደፉ ያገኘው ሊቆም ሁለት ቀን የቀረውን ልብ ነው። ወንድምህን ያነቀው እኔ የተከልኩት ልጓም ነው።»

«ትዋሻለሽ።»

«መዝገቡ ያውልህ፣ አንብበው።»

«ልታድኚው ብለሽ ነው! ለዚህ ውሻ ብለሽ ሬሳ ትሰድቢያለሽ?»

«ከአምሃ ቀጥሎ የተለጎመው ማን ነው?»

የጥጋቡ ግራ እጅ ሳያውቀው ወደ ደረቱ ሄደ።

«አንተ ነህ። በደረትህ ውስጥ አለ፣ በሦስት መቶ ሰው ደረት ውስጥ አለ። ልጓም ከሰው ልብ ውስጥ ነቅሎ የሚያውቅ ደግሞ የለም። እንዴት እንደሚነቀል የማውቀው ይሄን ሰው ስነቅልለት ነው። አሁን ተወኝ።»

ዓይኗን ጨፈነች። የሻለቃው ልብ መምታቱን ትቶ እንደተያዘ ዓሣ ይርገፈገፍ ነበር። በታንኳዋ ምላጭ የወንፊቱን ክሮች መቁረጥ ጀመረች። ክሮቹ ዘጠኝ ናቸው። አንዱ ሲበጠስ ደሙ በዚያ በኩል ገብቶ እንደ ጅራፍ ይገርፋታል። ሁለት። ሦስት። ጀርባዋ ላይ የሚያርፈው ግርፋት እየበረታ ሄደ። በስድስተኛው ጥርሷ ምላሷን ቆረጠው። በሰባተኛው የራሷ ደም አፏን ሞላው።

«እጅሽን አንሺ አልኩሽ!» አለ ጥጋቡ። እያለቀሰ ነበር።

ስምንት።

ብረቱ በገንዳው ጠርዝ ላይ ባረፈው ቀኝ እጇ ላይ ወረደ። አጥንቱ ሲደቅ ድምፁን ሰማችው። ጩኸቷ ገና ከጉሮሮዋ ሳይወጣ በግራ እጇ የመጨረሻውን ክር ያዘችና ሳበች።

ጎርፉ መጣ። አምስት ዓመት የታገደ ደም ባንድ ጊዜ ተለቆ ልጓሙን ነቅሎ፣ ታንኳዋን ነቅሎ፣ የረጋውን ደም እንደ ገለባ በትኖ ተግተለተለ። እልፍነሽን ከግድግዳ ግድግዳ አላጋት። የትኛው ሕመም ከእጇ፣ የትኛው ከሻለቃው ልብ እንደመጣ መለየት አቃታት። መታጠፊያው ላይ ታንኳዋ ተጨፈለቀች፤ ቆዳው ሞተ፤ ቀዩ ጨለማ ጠፋ።

ዓይኗን ስትገልጥ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ቀልቷል። ጥጋቡ መሬት ላይ ተቀምጦ ብረቱን ከእጁ መልቀቅ እንዳቃተው ልጅ ጨብጦ ያየዋል። ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ፤ አንድ ምት። ቆይቶ ሌላ። ከዚያ እየተከታተለ፣ በኃይል።

«መታ» አሉ ዶክተር ፈትያ። ከዚያ ተንበርክከው የእልፍነሽን እጅ በፎጣ ጠቀለሉት። «መታልሽ።»



ከዚያ ወዲያ በነበሩት ሦስት ወራት ልጓም ያለበት ሁሉ ተነቀለለት። እልፍነሽ እጇ በጀሶ ስለታሰረ ራሷ አልቀዘፈችም፤ ከገንዳዎቹ አጠገብ ቆማ፣ የትኛው ክር መጀመሪያ እንደሚቆረጥ እየነገረች ሌሎቹን አስቀዘፈች። ለከተማውም ሁሉንም ነገር፣ ማን እንደሠራውና የመጀመሪያው ሟች ማን እንደሆነ፣ በራሷ አፍ ተናገረች። በሯ ላይ ድንጋይ የወረወሩ ነበሩ። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሦስት መቶ አራቱ ተረፉ። የስምንቱን ስም በቃሏ ታውቃለች። ጥጋቡ ከተረፉት ነው። ገንዳው አጠገብ ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ቅዳሜም በሯን ማንኳኳት ተወ።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ረፋድ፣ ሰው በሯ ላይ ቆመ። ሻለቃ ጓንጉል ነበር። ከስቷል። መለዮ አልለበሰም። በአንገቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መሬት መሬት ያያል። ነፍስ ያጠፋ ሰው ከሟች ወገን ምሕረት ሲለምን እንደሚያደርገው ነው። ከኋላው ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

«ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ለእርቅ ነው የመጣሁት።»

«መዝገቡን አላነበቡትም?» አለች። «እርስዎ አልገደሉትም ይላል።»

«አንብቤዋለሁ።» ላቡ ከግንባሩ እየወረደ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ግን ድንጋዩን ስለያዘ አልጠረገውም። «መዝገቡ ስመታው ምን እንዳሰብኩ አይጽፍም። እኔ ልገድለው ነው የመታሁት።»

አራት ዓመት ሙሉ እልፍነሽ ይህን ሰው በልቧ ይዛው ኖራለች፤ ማንም ሳይነካው፣ ምንም ሳያልፍበት። እዚያ ቦታ ላይ ልቧ ምን ያህል እንደወፈረ አሁን ታወቃት።

ድንጋዩን ያውርዱ አላለችውም። ከግቢዋ ጥግ፣ ሰዎች ከወረወሩባት ድንጋዮች ትልቁን መርጣ በደህና እጇና በጀሶው ክንዷ አቅፋ አነሣች። አንገቷ ላይ ጫነችው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ልጄ፣ አንቺ የሟች ወገን ነሽ» አለ አንዱ። «ተቀባይ ነሽ እንጂ...»

«ተከተሉኝ» አለችና ፊት ፊታቸው ሄደች።

የጥጋቡ ቤት በቦዩ ማዶ ነው። አገር ቆሞ አያቸው። ሲደርሱ ጥጋቡ ደጁ ላይ አካፋ ይስል ነበር። ቀና አለ። ሻለቃውን አየ፤ መንጋጋው ጠበቀ። እሷን አየ። ከዚያ ዓይኑ በጀሶው ላይ፣ እሱ በሰበረው እጅ ላይ ቆመ።

አካፋውን ጣለ። ጎንበስ ብሎ ከቦዩ ዳር ድንጋይ ሲያነሣ ሽማግሌዎቹ «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብለው ዘለው ገቡ፤ ሻለቃው ዓይኑን ጨፈነ። እልፍነሽ አልተንቀሳቀሰችም።

ጥጋቡ ድንጋዩን ወደ ገዛ አንገቱ አወጣው። መጥቶ ከጎኗ ቆመና ራሱን ዝቅ አደረገ።

ሦስቱ ጎን ለጎን ጎንብሰው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ የሟች ወገን ሆኖ ቀና ብሎ የቆመ ሰው ፈለጉ፤ አላገኙም። ትልቁ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ፣

«እንግዲህ ማነው ማንን የሚምረው?» አለ።

ከአጠገባቸው አምስተኛው በር ክፍት ነበር፤ ውሃው ዳሩን እየደበደበ ያልፋል። እልፍነሽ ከድንጋዩ ሥር የአንገቷ ደም ሥር በኃይል ሲመታ ተሰማት። ምቱን አልለጎመችውም።